ዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስ፦ ሕይወታቸውና የደመወዝ ሥርዓታቸው

ዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስ (የልደት ስማቸው ካሣ ኃይሉ፤ 1811 ዓ.ም. ገደማ – ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.) ከየካቲት 1847 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። ዘመነ መሳፍንትን በማብቃታቸው፣ በጋፋት መድፍ በማሠራታቸውና በመቅደላ እጃቸውን ለጠላት ላለመስጠት ራሳቸውን በመግደላቸው ይታወቃሉ። ከእነዚህ ያነሰ የሚነገርለት ሥራቸው ወታደሩና ሹሙ ከባላገሩ ጓዳ ሳይሆን ከመንግሥት በሚያገኙት ደመወዝ እንዲኖሩ ያደረጉት ሙከራ ነው። ይህ ጽሑፍ የንጉሡን ሕይወት በተለይ ከዚህ ሙከራ አንጻር ይተርካል። የታሪኩ ብዙ ክፍል የተፈጸመው በጣና ሐይቅ ዙሪያ፣ ማለትም በደንቢያ፣ በጎርጎራ፣ በደብረ ታቦር፣ በቆራጣና በዘጌ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ከቴዎድሮስ በፊት የነበረው ልማድ

በዘመነ መሳፍንት አንድ ወታደር የሚያገለግለው ጌታውን እንጂ መንግሥትን አልነበረም። የአገልግሎቱም ዋጋ በገንዘብ አይከፈልም ነበር። ጌታው ጉልት ወይም ማደሪያ መሬት ይሰጠዋል፤ ይህ ካልሆነ በባላገር ቤት ያሰፍረዋል። ባላገሩም ወታደሩን፣ አሽከሩንና በቅሎውን የመቀለብ ግዴታ ነበረበት። ጦር በዘመተ ጊዜ ደግሞ በመንገድ ያገኘው ሰብልና ከብት ሁሉ ስንቁ ነበር። ድል ሲገኝ ምርኮ ይከፈላል፤ ሽንፈት ሲመጣ ወታደሩ የተሻለ ጌታ ፍለጋ ይሄዳል።

የወታደሩ ሥራ የሚመዘነው በግዳይና በፉከራ ነበር። ከጦርነት በኋላ እያንዳንዱ በጌታው ፊት ቀርቦ የፈጸመውን ጀብዱ ይዘረዝራል፤ እንደ ሥራውም ፈረስ፣ በቅሎ፣ ልብስ ወይም መሬት ይሸለማል። በዚህ አሠራር ባላገርን አለመበደል እንደ ሙያ አይቆጠርም ነበር። እንዲያውም ብዙ ከብት የነዳ ወታደር ጠግቦ ያድራል፤ እጁን የሰበሰበ ወታደር ግን ይራባል። በየዓመቱ ጦር የሚመላለስባቸው ደንቢያና በጌምድር ለም አገሮች ቢሆኑም ገበሬዎቻቸው የዘሩትን በሰላም የሚሰበስቡበት ዓመት ጥቂት ነበር።

ልደትና አስተዳደግ

ካሣ ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በቋራ ከደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስና ከወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ተወለዱ። አባታቸው ከሞቱ በኋላ እናታቸው ለችግር ተዳርገው በጎንደር ኮሶ ይሸጡ እንደነበር ይነገራል። በኋላ ዘመን ጠላቶቻቸው ይህን እንደ ስድብ ይጠቀሙበት ነበር።

ካሣ በልጅነታቸው ለትምህርት በጎንደርና በጣና መካከል ወደሚገኘው ወደ ጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ገቡ። በጦርነት የተሸነፈ ጦር ሲሸሽ ገዳሙን ወርሮ ብዙ ተማሪ ሕፃናትን ሲገድል እሳቸው አመለጡ። ደመወዝ የሌለውና ተጠያቂነት የማያውቅ ጦር ምን እንደሚያደርግ ገና በልጅነታቸው አዩ።

ከዚያ በኋላ ቋራንና ደንቢያን ይገዙ በነበሩት በዘመዳቸው በደጃዝማች ክንፉ ቤት አደጉ፤ የጦር ሙያም ተማሩ። ክንፉ በ1831 ዓ.ም. ገደማ ሲሞቱ ግዛቱ ለራስ ዓሊ እናት ለእቴጌ መነን ሆነ። ከውርሱ ያልደረሳቸው ካሣም ወደ ቋራ ቆላ ወርደው ሸፈቱ።

ከሽፍትነት ወደ ዙፋን

በቋራ በረሃ ካሣ ያገኙትን ምርኮ ለተከታዮቻቸው እኩል በማካፈል ስም አወጡ። ረኃብ በገባ ጊዜ ደግሞ ተከታዮቻቸው መሬት መንጥረው እንዲያርሱ እንዳደረጉ፣ ለገበሬዎችም የእርሻ መሣሪያ መግዣ ገንዘብ እንደሰጡ በዘመናቸው ታሪክ ይነገራል። ገበሬው እንደ ሌሎች ሽፍቶች የሚዘረፍ ሳይሆን የሚጠበቅ ወገን መሆን እንዳለበት የያዙት አሳብ ከዚህ ጊዜ ይጀምራል።

በ1839 ዓ.ም. የእቴጌ መነንን ጦር ድል አድርገው እቴጌይቱን ማረኩ። በተደረገው እርቅ ደጃዝማችነትን አገኙ፤ የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችንም አግብተው ነበር። በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ ድባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋግተው ተሸነፉ። የግብፅ ወታደሮች በቁጥር አይበልጡም ነበር፤ ነገር ግን የሠለጠኑ፣ በማዕረግ የተደራጁና ደመወዝ የሚከፈላቸው ነበሩ። ካሣ ከሽንፈቱ የተማሩት የመድፍን ኃይል ብቻ አይደለም፤ የሥርዓትንም ኃይል ተረዱ።

በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በሚያዝያ 1845 ዓ.ም. በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ በጎርጎራ ብችኝ ራስ ዓሊ የላኩትን ጦር፣ በሰኔ 1845 ዓ.ም. ደግሞ በአይሻል ራስ ዓሊን ራሳቸውን ድል አደረጉ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ካሸነፉ በኋላ በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ሁሉም ወደ ሥራው

አዲሱ ንጉሥ ካወጧቸው ቀደምት አዋጆች አንዱ ሰው ሁሉ ወደ አባቱ ሥራ እንዲመለስ የሚያዝ ነበር። ገበሬ እንዲያርስ፣ ነጋዴ እንዲነግድ፣ ካህን ቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግል ታዘዘ። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ በዘመነ መሳፍንት ጦር ታጥቆ ያለ ሥራ የሚዞረውን ሰው ቁጥር መቀነስና መሣሪያ የሚይዘው ማን እንደሆነ መለየት ነው።

ስለዚህ አዋጅ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። በዘረፋ የታወቀ መንደር ሰዎች መሣሪያቸውን ይዘው በንጉሡ ፊት ቀረቡና የአባቶቻቸው ሥራ ዘረፋ ስለነበር እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ። ንጉሡ በሬና ማረሻ ሊሰጧቸው ቢሉም እምቢ አሉ። እሳቸውም እንደ ጥያቄያቸው አሰናበቷቸውና ፈረሰኛ ልከው አስፈጇቸው፤ ወንበዴን ማጥፋት የእሳቸው የአባት ሥራ ነውና። ታሪኩ የንጉሡን ዓላማ ብቻ ሳይሆን ዓላማቸውን ለመፈጸም የሚሄዱበትን የጭካኔ መንገድም ያሳያል።

ማዕረግና ደመወዝ

ዓፄ ቴዎድሮስ በጦሩ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ለመለወጥ ተነሡ። አንደኛው የጦሩ አደረጃጀት ነው። ቀድሞ አንድ ጭፍራ ከአንድ አውራጃ መጥቶ ለአንድ መስፍን ብቻ ይታዘዝ ነበር። እሳቸው ግን ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ወታደሮችን አቀላቅለው በሚተማመኑባቸው አዛዦች ሥር አደረጉ። አዛዦቹም የሚጠሩት በሚያዙት ሰው ብዛት ሆነ፦

- የአሥር አለቃ
- የሃምሳ አለቃ
- የመቶ አለቃ
- ሻለቃ (የሺህ አለቃ)

እነዚህ ማዕረጎች ጥቂት ቢመስሉም ለውጡ ትልቅ ነበር። ፊታውራሪ፣ ግራዝማችና ቀኛዝማች የሚባሉት ነባር ማዕረጎች በሰልፍ የሚያዝበትን ቦታ ሲያመለክቱ በጊዜ ብዛት የክብር ስም ሆነው ነበር። የመቶ አለቃ ሲባል ግን የሥራው መጠን ከስሙ ይታወቃል፤ ስንት ሰው እንደሚያዝ፣ ለስንት ሰው ስንቅና መሣሪያ እንደሚጠየቅ ግልጽ ነው። የእነዚህ ማዕረጎች ስሞች በኢትዮጵያ ሠራዊት እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል።

ሁለተኛው የወታደሩ ኑሮ ነው። ወታደር በባላገር ቤት መስፈሩ ቀርቶ ደመወዝ እንዲያገኝና የሚበላውን በገንዘቡ እንዲገዛ ታሰበ። ለጦሩ ስንቅ የሚሆን እህል የሚከማችባቸው ጎተራዎችም ተዘጋጁ። ገዥዎችና ዳኞችም በየአውራጃቸው ከሚሰበስቡት ሳይሆን ከመንግሥት በሚከፈላቸው እንዲኖሩ ንጉሡ ዐቅደው እንደነበር በዘመኑ በቅርብ ያዩት የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ለመንግሥታቸው በላኩት ዘገባ ገልጸዋል።

በዚያን ጊዜ አገሪቱ የራሷ ገንዘብ አልነበራትም። ለትልቅ ክፍያ የሚያገለግለው ከኦስትሪያ በንግድ የሚገባው የማርያ ቴሬዛ ብር ሲሆን ለዕለት ገበያ ደግሞ አሞሌ ጨው ነበር። ስለዚህ ደመወዝ ለመክፈል የፈለገ ንጉሥ ብሩን ከቀረጥ፣ ከግብርና ከምርኮ መሰብሰብ ነበረበት።

ሹመትና ምዘና

ቴዎድሮስ በሹመት ከዘር ይልቅ ታማኝነትንና ሙያን ያስቀድሙ ነበር። በዝቅተኛ ቦታ የነበሩ ሰዎች በጦር ሜዳ ባሳዩት ሥራ ወደ ላይ ወጡ። እስከ አሮጌ ጦርነት ድረስ አብረዋቸው የቆዩት ፊታውራሪ ገብርዬ ከእነዚህ ታማኞች በጣም የታወቁት ናቸው። እንግሊዛዊው ጆን ቤልም ሊቀ መኳስ ተብለው ተሹመው በ1853 ዓ.ም. ንጉሡን ሲከላከሉ ሞተዋል።

ባላገርን የዘረፈ ወታደር ቅጣቱ ከባድ ነበር። ንጉሡ ራሳቸው በአደባባይ ተቀምጠው የድሆችን አቤቱታ ይሰሙ ነበር። በዚህም የወታደር ሥራ መመዘኛ ላይ አዲስ ነገር ተጨመረ፤ ጀግንነት ብቻ ሳይሆን ሕዝብን አለመበደልም የሚጠየቁበት ሆነ።

ሥርዓቱ ግን አንድ ጉድለት ነበረው። መዛኙም፣ ሸላሚውም፣ ቀጪውም አንድ ሰው ነበር። በግዛታቸው መጀመሪያ ይህ ፍርዱን ፈጣን አድርጎት ነበር። በኋላ ንጉሡ ተጠራጣሪና ቁጡ ሲሆኑ ግን አንድ ሹም ስለ ሥራው የሚጠየቀው በታወቀ ደንብ ሳይሆን በዕለቱ ቁጣ ሆነ። ጥፋቱ ምን እንደሆነ የማያውቅ አገልጋይም ከቅጣት ለማምለጥ የሚያየው መንገድ መክዳት ነበር።

ጋፋት

ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ካለው ከደብረ ታቦር አጠገብ የሚገኘው ጋፋት የንጉሡ የእጅ ሥራ መንደር ነበር። በዚያ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን፣ ዛልሙለርን፣ ቤንደርንና ሞሪትስ ሃልን የመሳሰሉ አውሮፓውያን ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር መድፍና ልዩ ልዩ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ከአውሮፓውያኑ ብዙዎቹ የመጡት ወንጌል ለማስተማር ነው፤ ንጉሡ ግን የእጅ ሙያቸውን ፈለጉ። ሥራቸው ሲያምር ገንዘብ፣ ልብስ፣ ፈረስና በቅሎ ይሸለሙ ነበር። ሥራው ሲከሽፍ ደግሞ እንደገና እንዲሞክሩ ይታዘዛሉ።

ከሥራዎቹ ሁሉ የሚታወቀው ሴባስቶፖል የተባለው ወደ 7 ቶን ይመዝናል የሚባለው መድፍ ነው። ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር፣ ወደ ጎጃምና ወደ መቅደላ የሚወስዱ መንገዶችንም አሠርተዋል። በመንገድ ሥራ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከወታደሩ ጋር ይሠሩ ነበር። በዘመኑ የእጅ ባለሙያ ይናቅ ስለነበር፣ ንጉሥ ባለሙያን አክብሮ መሸለሙና በእጁ መሥራቱ ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነበር።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

የደመወዙ ዕቅድ ከባድ ጥያቄ ገጠመው። ቋሚ ደመወዝ ቋሚ ገቢ ይፈልጋል። ከአገሪቱ መሬት ሰፊው ክፍል ደግሞ በቤተ ክርስቲያን እጅ ስለነበር ለመንግሥት ግብር አይከፍልም ነበር። በየደብሩ መሬቱን እየበሉ የሚኖሩት ካህናትና ደባትር ቁጥር ለአገልግሎቱ ከሚያስፈልገው በላይ ነው ብለው ንጉሡ አመኑ።

ስለዚህ በ1852 ዓ.ም. ገደማ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ይበቃሉ ብለው ወሰኑ። ለእነዚህ የሚበቃ መሬት ቀርቶ የቀረው ግብር ለሚከፍል ገበሬ እንዲሰጥ አዘዙ። በዛሬ አነጋገር ይህ ለአንድ ሥራ ስንት ሠራተኛ እንደሚያስፈልግ መወሰን ነው። ካህናቱ ግን መሬቱን የያዙት ከጥንት ነገሥታት በተሰጠ ቃል ኪዳን ነው ይሉ ነበር። እንደ ጎንደር ባለው ከተማ ደግሞ አንድ ደብር የጸሎት ቤት ብቻ ሳይሆን የዜማ፣ የቅኔና የመጻሕፍት ትምህርት ቤት ነበር፤ አምስት ሰው ቅዳሴ ሊያደርስ ይችል ይሆናል፣ ትምህርቱን ሁሉ ግን ሊሸከም አይችልም።

በዚህ ምክንያት ንጉሡ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተጣሉ። ጳጳሱም በ1856 ዓ.ም. መቅደላ ታሰሩ። በየደብሩ ያለው ካህን ሕዝቡ ለንጉሡ ያለውን ፍቅር ሲያቀዘቅዝ፣ የሸፈቱ መሳፍንት ተቀባይነት አገኙ። በጎጃም ታደለ ጓሉ፣ በላስታ ዋግሹም ጎበዜ አመፁ። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ያዙ። አንድ አውራጃ በከዳ ቁጥር ግብሩ ይቀራል፤ ግብሩ ሲቀር የወታደሩ ደመወዝ ይጓደላል፤ ደመወዝ ያጣ ወታደር ይከዳል ወይም ይዘርፋል፤ የተዘረፈ ባላገር ደግሞ ለአመፀኛው ያድራል። ንጉሡ ከዚህ ዙር መውጣት አልቻሉም።

ዘጌና ቆራጣ

በ1858 ዓ.ም. ንጉሡ ከብዙ ሠራዊት ጋር በጣና ደቡባዊ ዳርቻ በዘጌ ሰፈሩ። ዘጌ በቡናውና በገዳማቱ የታወቀ ባሕረ ገብ መሬት ነው። በጥንት ልማዱ በበሬ ስለማይታረስበት ነዋሪው እህል የሚያገኘው ቡናና ጌሾ ሸጦ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የሰፈረ ትልቅ ጦር ከውጭ ካልተቀለበ በቀር ሊቆይ አይችልም። በሰፈሩም ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ጦሩ ቦታውን ለቀቀ።

የታሰሩ አውሮፓውያንን ለማስፈታት የመጣው የሆርሙዝድ ራሳም የእንግሊዝ መልእክት ቡድንም በዚህ ጊዜ በቆራጣና በዘጌ ቆይቷል። ንጉሡ ለቡድኑ ወጪ በሺህ የሚቆጠር የማርያ ቴሬዛ ብር ሰጥተው ነበር። በመጨረሻ ግን መልእክተኞቹንም አሰሩ።

ቆራጣ የወለተ ጴጥሮስ ገዳም ያለባት የሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ የነጋዴዎች ከተማ ነበረች። ነጋዴ በሰላም ቢነግድ ለመንግሥት ቀረጥ ይከፍላል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ከተማ ለደመወዙ ዕቅድ መሠረት መሆን የሚችል ነበር። ነገር ግን በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፣ ተቃጠለችም። ቆራጣም ከዘረፋው አላመለጠችም። ወታደር ባላገርን እንዳይነካ ያዘዙት ንጉሥ በመጨረሻ ወታደራቸውን የሚቀልቡት የገዛ አገራቸውን በመዝረፍ ሆነ።

መቅደላ

ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ መቅረቱና በዚህ ቁጣ ቆንስሉን ካሜሮንንና ሌሎችን ማሰራቸው የእንግሊዝን ጦር አመጣ። በጄኔራል ናፒየር የሚመራው 13,000 ያህል ወታደር በዙላ ወደብ ወርዶ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ተጓዘ።

ከደመወዝ አንጻር ሲታይ የሁለቱ ጦሮች ልዩነት ጎልቶ ይታያል። እንግሊዞች ለዘመቻው ብዙ የማርያ ቴሬዛ ብር አዘጋጅተው ስለመጡ እህል፣ መኖና የጋማ ከብት ከባላገሩ ይገዙ ነበር። በዚህም ምክንያት በሚያልፉበት አገር ሕዝብ አልተነሣባቸውም፤ የሚሸጥ ነገር ይዞ ወደ ሰፈራቸው የሚመጣው ብዙ ነበር። ቴዎድሮስ በነገሡ ጊዜ የተመኙት ጦር፣ ማለትም ደመወዝ ተቀብሎ የሚበላውን የሚገዛ ጦር፣ እሳቸውን ለመውጋት ከባሕር ማዶ መጣ።

ንጉሡ ሴባስቶፖልንና ሌሎች መድፎችን በወታደር ጉልበት እያስጎተቱ መንገድ እየጠረጉ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለመድረስ ወራት ፈጀባቸው። በአንድ ወቅት በብዙ አሥር ሺህ ይቆጠር የነበረው ሠራዊታቸው ያን ጊዜ ጥቂት ሺህ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ በተደረገው ጦርነት ፊታውራሪ ገብርዬ ከብዙ ወታደር ጋር ሞቱ። ንጉሡ እስረኞቹን ቢለቁም እጃቸውን ለመስጠት እምቢ አሉ። ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች አምባውን ሲሰብሩ በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ።

ከእሳቸው በኋላ

የደመወዝ አሳብ በመቅደላ አልቀረም። ዓፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ ለጦሩ ስንቅ የሚሆን አስራት ደንግገው ወታደር በባላገር ቤት የሚሰፍርበትን ልማድ ለመቀነስ ሞከሩ፤ በዚያው ዘመንም በስማቸው ብር አሳተሙ። በ1934 ዓ.ም. በወጣው የአገር አስተዳደር ደንብ ጠቅላይ ገዥዎች ከመንግሥት ደመወዝ የሚቀበሉ ሠራተኞች ሆኑ። የመንግሥት ሠራተኛን ቅጥር፣ የሥራ ደረጃና ደመወዝ በአንድ ደንብ የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ደግሞ በ1950ዎቹ ነው።

ደመወዝ የሚለው ቃል ደምና ወዝ ከሚሉት ቃላት የተገኘ መሆኑ በሰፊው ይነገራል። ቴዎድሮስ ይህ የደምና የወዝ ዋጋ ከባላገር እንዳይነጠቅ ፈልገው ነበር። ያልተሳካላቸው የሥራ ድርሻንና ማዕረግን ባለመለየታቸው አይደለም፤ ይህንንስ አድርገዋል። የጎደለው በየወሩና በየዓመቱ ሳይቋረጥ የሚገባ ገቢ፣ ያን ገቢ የሚሰጥ ሰላምና ከንጉሡ ቁጣ በላይ የሆነ ደንብ ነበር። ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ አንድ ግቢ በስማቸው ይጠራል፤ የጋፋት ስምም በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ይታወሳል።